እናቴ አላየችም

ባለፈው ዓመት ወደ ንፋስ መውጫ የሄድሁት ለሐዘን አልነበረም። የአባቴ እኅት የአንጓች ሙት ዓመት ነበርና ልጇ እመቤት ስልክ ደወለች። «እትዬ ደብሬ፣ አንቺ ከቀረሽ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ሰው የሚለው እኔን ማስጨነቅ ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እሷን ግን ያስጨንቃታል። እሷ ደግሞ ምንም አልበደለችኝም። ሄድሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ከበላና ከጠጣ በኋላ አንድ ዘመዳችን ተነሥቶ የሟችን ደግነት ዘረዘረ። እንግዳ ተቀባይ ነበረች አለ፤ እውነት ነው። ባለሙያ ነበረች አለ፤ ይህም እውነት ነው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ከብርቄ ጋር የነበረውም ነገር አለመግባባት ነው፤ የድሮ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ነፍስ ይማር» አለ። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለ። ብርቄ እናቴ ናት። 

አለመግባባት አልነበረም። አንጓች እናቴን አሳምራ ታውቃት ነበር፤ እኔን ደግሞ ከእናቴም ይበልጥ። የሆነውን እጽፈዋለሁ ብዬ የወሰንሁት ግን ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን በማግስቱ ጧት ነው።

የእመቤት ልጅ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ቃልኪዳን የምትባል ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለቻት። ያን ጧት ሳሎን ተቀምጠን ሳለ፣ እንግዳ ለማጫወት ብላ መሰለኝ፣ አንድ ከረሜላ አምጥታ ልጇም ባሏም እያዩ ከሰማያዊ ኩባያ ሥር አስቀመጠች። የባልየው ስልክ ጮኸና ሊያነጋግር ወደ ውጭ ወጣ። እሱ ሲወጣ ከረሜላውን አንሥታ ከሰፌድ ሥር ሸጎጠችው።

«አባባ ሲመለስ ከረሜላውን የት ይፈልገዋል?»

ቃልኪዳን ሰፌዱን በጣቷ ነካች። «እዚህ!»

«እዚህ እንዳለ ያውቃል?»

«አዎ!»

«ማን ነገረው?»

ልጅቱ እናቷን ሞኝ ሰው እንደሚታይ አየቻት። «እዚህ ነዋ ያለው!»

ሁሉም ሣቀ። መምህርቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «በዚህ ዕድሜ እነሱ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላቸዋል። አራት ዓመት ካለፋቸው ወዲህ ነው የሌላው ሰው ሐሳብ ከእነሱ የተለየ መሆኑ እየገባቸው የሚሄደው» አለችኝ።

የያዝሁትን ዳቦ አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ያንን ጨዋታ አውቀዋለሁ። እኔን ያጫወተችኝ፣ ትናንት ሙት ዓመቷ የተዘከረላት ሴት ናት።

ያን ዓመት አራት ዓመቴን ጨርሼ ነበር ይላሉ። ቤታችን ከቤተ ልሔም ደብር የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከገብስና ከባቄላ ማሳ በቀር ምንም በማይታይበት ሜዳ ዳር ነበር። አባቴ ዋሴ ዝምተኛ ገበሬ ነው። እናቴ ብርቄ የስማዳ ሰው ናት፤ ከወገዳ ማዶ ተድራ መጥታ የእኛን ደጋ ብርድ እስከ መጨረሻው አለመደችውም።

እናቴ ሁሉን የምታውቅ ሴት ነበረች። ከደጅ ስገባ ገና ሳልናገር «አመድ ላይ ተንከባልለሻል» ትለኛለች። «የጥጃውን ወተት ቀምሰሻል» ትለኛለች። ጉልበቴ ላይ ያለውን አመድ፣ ከንፈሬ ላይ የደረቀውን ወተት አይታ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ሆዴን ከፍታ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ሰው ሁሉ። አንድ ቀን አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ሮጬ ደረስሁና «ለምን ወጋኝ?» አልሁት።

«ማን?» አለ።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ጠቦቱ ጧት በረት ደጃፍ ላይ ወግቶኝ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ አላስብም። አባቴ አውቆ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

አንጓች የአባቴ ታላቅ ናት። እስቴ ተድራ ኖራ፣ ከባሏ ተፋትታ፣ ጡት የምትጠባውን እመቤትን አዝላ ወደ ወንድሟ ቤት ተመለሰች። ስትመለስ ማጀቱን እናቴ ይዛዋለች። ከማጀቱ ይልቅ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። የሴት አያቴን የማርያም ማኅበር ቦታም እናቴ ይዛዋለች።

ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን በአባላቱ ቤት በየተራ ይጠጣል። መጪዋ ተረኛ ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ ቀኗ እስኪደርስ ወር ሙሉ ትጠብቀዋለች። የእኛ ማኅበር ጽዋ ጥቁር የሸክላ ዋንጫ ነበር። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ሙዳይ ተደርጎ ከምሰሶው ላይ ይሰቀላል። ጠላው የሰው ነው፤ ጽዋው የእመቤታችን ነው። ጽዋ የጠፋባት ሴት ቀና ብላ ቤተ ክርስቲያን አትሳለምም። ጽዋ የሰረቀች ሴትማ ምን እንደምትባል የሰማሁት በእናቴ ስም ነው።

አንጓች «ቦታው የእናቴ ነበር፤ ለእኔ ነው የሚገባው» ብላ ጠየቀች። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃውን እንዲያ ነው የሚሉት፣ መሪጌታ ታረቀ ነበሩ። «አንቺ እስቴ ስትሄጂ ብርቄ ሰባት ዓመት አገልግላበታለች፤ ማርያም የቀረባትን አታርቅም» አሏት። ከዚያ ወዲያ አንጓች ስለ ማኅበሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በመስከረም እናቴ ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤት መጣች። የጥቅምት ተረኛ እሷ ነበረች። በዚያው ሰሞን አንጓች ከእኔ ጋር መጫወት ጀመረች። ከዚያ በፊት ለእኔ የሚተርፍ ጊዜ ኖሯት አያውቅም።

እናቴ እያየች የባቄላ ቆሎ ዘግና ከቁናው ሥር ታስቀምጣለች። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ቆሎውን ታነሣና ከእንስራው ኋላ ታደርገዋለች።

«ደብሬ፣ እናትሽ ቆሎው የት እንዳለ ታውቃለች?»

«አዎ።»

«የት?»

«ከእንስራው ኋላ።»

«ጎሽ፣ የእኔ ብልህ!» ትልና ቆሎውን በእጄ ትሞላልኛለች። በማግስቱ ደግሞ ከመደቡ ሥር። ሌላ ቀን ከአባቴ ጋቢ እጥፋት ውስጥ። እናትሽ ታውቃለች? አዎ። ጎሽ። ሦስት ዓመት የሞላትን እመቤትንም ትጠይቃታለች፤ እሷም እንደ እኔ ትመልሳለች። ሁለታችንም ቆሎ እንበላለን። አንድ ጊዜ «ማን ነገራት?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? እዚያ ነዋ ያለው። አንጓች ራሷን እየነቀነቀች ለብቻዋ ሣቀች።

ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ማንም ሳያስተምራት የልጅን ልብ እንደ ማሳ ተመላልሳ አረሰችው።

የጥቅምት ማርያም ዕለት ጧት ቤቱ በጠላ ሽታ ተሞልቶ ነበር። እናቴ ማኅበሩን ካስተናገደች በኋላ በማግስቱ ወደ ስማዳ ልትወርድ ነው፤ አባቷ ታሟል። ለአባቷ ያዘጋጀችውን በሶና የተባዘተ ጥጥ በስልቻ አድርጋ መደቡ ላይ አስቀምጣለች። ማልዳ ሙዳዩን ከፈተች፣ ጽዋውን በእጇ ዳሰሰች፣ ተሳለመችው፣ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ማድጋዋን ይዛ ወጣች።

እኔ መደቡ ላይ ጋቢ ለብሼ ተኝቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ተገልጧል። አንጓች ሙዳዩን አወረደች። ጽዋውን ከጨርቁ ፈታ ስልቻው ውስጥ፣ ከጥጡ ሥር፣ እስከ ክንዷ ድረስ አስገባችው። ጨርቁን ጠቅልላ ወደ ሙዳዩ መለሰችና ሰቀለችው። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ምን ታፈጪያለሽ? ተነሽና ዶሮዎቹን አስወጪ!»

ተነሥቼ ዶሮዎቹን አስወጣሁ። ያየሁት ነገር ምንም አልመሰለኝም። እኔ ካየሁት እናቴም አይታዋለች፤ አባቴም አይቶታል፤ አገር አይቶታል።

ረፋዱ ላይ ማኅበርተኛው ገባ። ጸሎቱ ደረሰና መሪጌታ «ተረኛዋ ጽዋውን ታቅርብ» አሉ። እናቴ ሙዳዩን በሁለት እጇ አወረደችው። ክዳኑን ሳትከፍት በፊት ቅለቱ አስደነገጣት፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ከፈተችው። ጨርቅ ብቻ።

«ጧት ነበር» አለች። «ጧት በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ሰው ተነሣ። ማጀቱ፣ መደቡ፣ የእህሉ ጎታ ጀርባ ሁሉ ተፈለገ። መሪጌታ «ተረጋጉ፤ ወድቆ ይሆናል» እያሉ ነበር። ያኔ አንጓች እመቤትን እንዳዘለች ተነሣች።

«መሪጌታ፣ ሕፃን አይዋሽም። ይህችን ልጅ ይጠይቋት።»

«እውነቷን ነው፤ ሕፃን የመልአክ አፍ ነው» አለ አንዱ።

ከነጭ ልብስ መሐል አቆሙኝ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ ደብሬ፣ ጽዋው የት ነው?» አሉኝ።

«ስልቻው ውስጥ።»

አንጓች አከታትላ፣ «እናቷ ታውቅ እንደሆነም ይጠይቋት» አለች።

«እናትሽ እዚያ እንዳለ ታውቃለች?»

«አዎ» አልሁ። አልሁና እጄን ወደ አንጓች ዘረጋሁ። ቆሎ ጠብቄ ነበር።

ስልቻው ተዘረገፈ። በሶ፣ ጥጥ፣ ጽዋ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እናቴ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ስትራመድ አንጓች «ልጅቱን አታስጨንቋት!» ብላ አፈፍ አደረገችኝና ወደ ባቄላው ማሳ ይዛኝ ወጣች። ማን አስገባው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለመናገር አላሰብሁም። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ይናገራል?

ከዚያ ቤት ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። መሪጌታ ለእናቴ ራርተውላት፣ «አላውቅም ብለሽ በጽዋው ማይና ይብቃ» ብለዋታል። በእኛ አገር በጽዋ የማለ ሰው ይታመናል፤ በሐሰት የማለ ግን ዓመት ሳይሞላ ይቀሠፋል ይባላል።

«አልምልም» አለች እናቴ።

«ለምን?»

«ልጄ ታውቃለች ብላለች። እኔ አላውቅም ብዬ ብምል፣ ከሁለታችን አንዳችን በማርያም ፊት ዋሽተናል ማለት ነው። መቅሠፍቱ የልጄን አፍ እንዲፈልግ አላደርግም።»

መሐላውን ፈራች ተባለ። ከማኅበሩ ትውጣ ተባለ። አባቴ ምንም አላለም። እናቴ ስልቻዋን አንሥታ በዚያው ቀን ከጎረቤት ሰው ጋር ወደ ስማዳ ወረደች። «ልጅቱ ትቅር» ያሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ማሳው ውስጥ እሸት እየበላሁ ነበር።

ኅዳር ሙሉ ተናድጄ ከረምሁ። ናፍቆት አይደለም፤ ንዴት ነው። እናቴን ስፈልጋት፣ ስፈልጋት ደግሞ እንደማለቅስ፣ እዚያ ሆና የምታውቅ ይመስለኛል። እያወቀች ለምን አትመጣም? በር ላይ ቆሜ በስማዳ በኩል ወዳለው ገደል «መጥፎ!» ብዬ እጮህ ነበር።

ይህ እምነቴ የተሰበረው በአንድ ቀን አይደለም፤ ጥቂት በጥቂት ነው። መጀመሪያ እመቤት ናት። ድብብቆሽ ስንጫወት ነጠላ ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና እመሐል ቤት ትቆማለች። «የለሁም!» ትላለች። ሆዷ ይታያል፣ እግሯ ይታያል። ሣቅሁባት። ሥቄ ሳልጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ እያየኋት፣ እሷ ግን «አታዪኝም» ትላለች። እንዴት ነው ሁለት የሚሆነው?

ታኅሣሥ ሲገባ የአንጓችን ቅል ሰበርሁ፤ እርጎ የምታስቀምጥበትን። መደርደሪያ ላይ ስንጠላጠል ወደቀ። አንጓች ገብታ ስብርባሪውን አየችና ወደ እኔ መጣች።

«ማን ነው የሰበረው?»

 ሆዴን እስክታይ ጠበቅሁ። ዓይኔን አየችው፣ እጄን አየችው።  ከዚያ ዞር አለችና ድመቷን በእግሯ አሽቀነጠረቻት። «ይህች ሌባ! ዛሬ ነው የምገድልሽ!»

አላወቀችም።

ድመቷ እየጮኸች ወጣች። እኔ በቆምሁበት ደረቅሁ። አንጓች፣ ያቺ ትልቅ ሴት፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን አላየችም። ሆዴ ክዳን አለው። ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ አልልም፤ ተኛሁ። ነገሩ ግን ከእኔ ጋር አደረ።

በማግስቱ አውድማ ላይ ነበርን። በሬዎቹ ገብሱን እየዞሩ ያበራያሉ፤ አባቴ በመንሽ ጭዱን ይገለብጣል። እኔ ገለባው ላይ ተቀምጬ እመቤትን እጠብቃለሁ። በሬዎቹ ይዞራሉ፣ እኔም እዞራለሁ። አንጓች ቅሉ ሲሰበር አላየችም። ስላላየች አታውቅም። እኔ ስላየሁ አውቃለሁ። ጽዋውን ሲያስገቡት እኔ አይቻለሁ። እናቴስ? እናቴ ማድጋ ይዛ ወጥታ ነበር።

እናቴ አላየችም።

ገለባውን እየረገጥሁ ወደ አባቴ ሮጥሁ። «አባዬ፣ እማዬ አላየችም!»

«ምኑን?»

የዚያን ቀን አልተናደድሁበትም። ካልነገርሁት የማያውቅ መሆኑ ገባኝና ነገርሁት። «ጽዋውን ስልቻው ውስጥ ያስገባችው እትዬ አንጓች ናት። እማዬ ውኃ ሄዳ ነበር። አላየችም።»

የአባቴ እጅ መንሹ ላይ ቆመ።  በሬዎቹ ራሳቸው ቆመው ገብሱን መቃም ጀመሩ፤ አልከለከላቸውም።

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«እኅቴ ናት።» በሬዎቹን «ሂድ!» አላቸውና ጀርባውን ሰጠኝ።

ያን ቀን ሁለት ነገር አወቅሁ። ሰው ሳያውቅ ሊቀር ይችላል፤ እያወቀም እንዳላወቀ ሊሆን ይችላል። አባቴን በዚህ ይቅር ብየዋለሁ ብዬ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልለመንሁም። የተጠየቅሁት በማኅበር ፊት ነው፤ የሚታረመውም በማኅበር ፊት ነው። ይህን ያህል ገብቶኝ ነበር። የታኅሣሡን ማኅበር ሩቅ ነው ብላ አንጓች ጥላኝ ሄደች፤ አዎ፣ የእናቴን ቦታ ይዛዋለች። የጥር ወሩ ማኅበር በመሪጌታ በራሳቸው ቤት ነው፤ አስተርእዮ ስለሆነ ልጆችም ይሄዳሉ። እስከዚያ መጠበቅ ነበረብኝ።

ጠበቅሁ። «ምን ታስቢያለሽ አንቺ?» ስትለኝ «ዳቦ» እላታለሁ። ታምነኛለች። በየቀኑ ስታምነኝ በየቀኑ ልቤ ይደነድናል። እሷ ከቤት ስትወጣ ደግሞ ከእመቤት ጋር የእናቷን ጨዋታ እጫወታለሁ፤ በቆሎ ፈንታ በጠጠር። እሙ፣ እናትሽ ጠጠሩ የት እንዳለ ታውቃለች? አዎ። የት? እዚህ። ሁልጊዜ እዚህ። አንድ ቀንም አልሳተችም፤ ማለትም ሁልጊዜ ሳተች።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት የመሪጌታ ቤት በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጽዋው መዞር ሲጀምር ተነሥቼ ፊታቸው ቆምሁ።

«መሪጌታ፣ ይጠይቁኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ ልጄ?»

«ያኔ ያልጠየቁኝን። ማን አስገባው ብለው ይጠይቁኝ።»

 መሪጌታ ዙሪያቸውን ቃኙና፣ «ማን አስገባው?» አሉ።

«እትዬ አንጓች። እማዬ ውኃ ሄዳ ነበር።»

አንጓች ሣቀች። ሣቋን እስካሁን እሰማዋለሁ፤ የቤት እመቤት ሣቅ ነው። «እናቷ ናፍቃት ነው እኮ! የሕፃን ነገር ከቁም ነገር ይገባል?»

ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «አንጓች፣ በጥቅምት የመልአክ አፍ ነበረች፤ ገብስ ሲወቃ መልአኩ ጥሏት ሄደ?» አሉ። ሰው ሣቀ።

መሪጌታ አልሣቁም። «ልጄ፣ በጥቅምት እናቴ ታውቃለች አልሽኝ። ዛሬ አላየችም ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

ይህን የምመልስበት ቃል አልነበረኝም። ዛሬም ከመምህርቷ ነው የተዋስሁት። ጨዋታው ግን ነበረኝ።

«ይውጡ» አልኋቸው።

«ኧረ ይህች ባለጌ!» አለች አንዷ። መሪጌታ ግን የልጅ አስተማሪ ናቸው፤ ምን እንደማደርግ ለማየት ፈለጉ መሰለኝ፣ ዝንብ የሚያባርሩበትን ጭራ ወንበራቸው ላይ ትተው ወጡ። ጭራውን አንሥቼ እመቤት እያየችኝ ከጎታው ኋላ አስቀመጥሁት። «ይግቡ!» አልሁ።

ገብተው ተቀመጡ። እጃቸው ወንበሩን ዳሰሰ። «ጭራዬስ?»

«እሙ» አልኋት እመቤትን፣ «መሪጌታ ጭራቸው የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«የት?»

«ከጎታው ኋላ።»

መሪጌታ ወደ እመቤት ጎንበስ አሉ። «እኔ አውቃለሁ?»

«አዎ፣ ያውቃሉ» አለቻቸው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መጠየቁ እየገረማት።

ቤቱ በሣቅ ፈነዳ። መሪጌታ ጭራቸውን ሊፈልጉ አልተነሡም። መጀመሪያ እመቤትን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ። ሣቁ አንድ በአንድ ሞተ።

«ይህች ሕፃን አልዋሸችም» አሉ ቀስ ብለው። «እውነትም አልተናገረችም። ደብሬም በጥቅምት እንዲሁ ነበረች። የሳተው ጠያቂው ነው። እኔ ነኝ።» ከዚያ ጽዋውን ፊታቸው አስቀመጡ። «አንጓች፣ ነይ ማይ።»

አንጓች እመቤትን እንዳቀፈች ቀረበች። ትምላለች ብዬ ነበር፤ እጇን እስከ ጽዋው አፍ አድርሳዋለች። እመቤት አንገቷን ጭምቅ አድርጋ ይዛታለች። አንጓች ልጇን አየች። እጇን መለሰች።

«አልምልም» አለች።

እናቴም ያንኑ ቃል ተናግራ ነበር። በአንድ ቃል ንጹሗም ጥፋተኛዋም ተፈረደባቸው። ሁለቱም የተዉት ለልጆቻቸው ብለው ነው። ይህን ያህል ለአንጓች እሰጣታለሁ፤ ከዚህ በላይ አልሰጣትም። ሥራዋን እዚያው ቆማ፣ ሳታለቅስ፣ ከቆሎው ጀምራ ተናገረች። ቆሎውን ስትናገር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሽማግሌ ወደ ስማዳ ተላከ። በየካቲት ማኅበር እናቴ መጣች። ከስታለች፤ አባቷ ሞቶ ጥቁር ለብሳለች። ወደ እሷ ለመሮጥ ሳስብ አንጓች ድንጋይ ተሸክማ ከደጅ ገባች፤ በአገራችን በዳይ ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። እናቴ እግር ሥር ተደፋች።

«ስለ ማርያም» አለች።

«ስለ ማርያም!» አለ ቤቱ ሁሉ።

 እናቴ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአንገቷ አወረደችላት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ጽዋውን በእጇ ሰጧት፤ ጠጣች።

አባቴ ያኔ ነው የተናገረው። «እንግዲህ ቤትሽ ነው፤ እንግባ።»

«ጽዋዬን ተቀብያለሁ» አለችው። «ቤቱን ለእኅትህ ትቼዋለሁ። ልጄን ስጠኝ።»

የሚከራከር መስሏት ጠበቀችው። አልተከራከረም። እጄን ያዘች፤ ስልቻዋን አነገተች፤ ወጣን።

እስከ መንደሩ ዳር የሸኙን ሴቶች መንገዱን ሁሉ «ምን ያለች ደግ ናት! አንጀቷ እንዴት ቻለላት!» ሲሉ ነበር። እናቴ ፈገግ እያለች ትሰማቸዋለች። እነሱ ፊቷን አይተው ሆዷን ያወቁት መስሏቸዋል። እኔ ግን ያን ዓመት በዋዛ አልከረምሁም። ሴቶቹ ተመልሰው ገደሉን መውረድ ስንጀምር ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ይቅር ብለሻታል?»

«ብያለሁ።»

«በሆድሽ?»

ቆመች። አራት ወር ያላየችውን ፊቴን ያኔ ነው ደኅና አድርጋ ያየችው። ስልቻውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች።

«ሆዴ የእኔ ነው» አለች። «የአንቺም የአንቺ ነው። በይ ፍጠኝ፤ ቆላው ሳይሞቅ እንውረድ።»